ቁስሉ ከዳነ በኋላ የሚቀር ሕመም

የቀድሞ ወታደር ሕመም ቁስሉ በመዳኑ አያበቃም። ጠባሳው ከገጠመ ከዓመታት በኋላም በሥጋ ውስጥ የቀረ የቦምብ ፍንጣሪ ብርድ ሲመጣ ይጠዘጥዛል፤ የተቆረጠ እግር በሌለበት ቦታ ያቃጥላል፤ ሌሊት ሰውየው እየባነነ ቤተሰቡን ያስነሳል። ሐኪም ቤት ሲሄድ ግን እግሩን ለአንዱ፣ እንቅልፍ ማጣቱን ለሌላው ነው የሚናገረው። ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ጭራሽ አይናገርም።

በኮልፌ ቀራኒዮ፣ ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ሕክምና፣ ተሃድሶና ሥልጠና ነበር። ስሜት ላጣ እግር ጫማ፣ ለተቆረጠውም ምትክ የሚሠራበት ወርክሾፑ ያዳበረው ሙያ የጦር ጉዳተኛም የሚሻው ነው። ባለሙያው የቀረውን የእግር ክፍል በጀሶ ፋሻ ይጠቀልላል፤ ሲደርቅ አውልቆ ቅርጹን ያወጣል፤ በዚያ ላይ እግሩ የሚገባበት ማቀፊያ ይሠራል። አስቸጋሪው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የቀረው ሥጋ በጊዜ ብዛት ይሟሽሻል፣ ማቀፊያው ይሰፋል፣ ቆዳው ይላጣል። ባለቤቱ መጀመሪያ ካልሲ ይደርባል፤ ሲብስበት ሰው ሠራሽ እግሩን ጥግ አስቀምጦ ወደ ክራንች ይመለሳል። ክረምት ሲገባና መንገዱ ሲጨቀይ ደግሞ ከቤት መውጣቱን ይተዋል። ሥራው፣ እድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ አብረው ይርቁታል። በጊዜ ያልተስተካከለ ማቀፊያ እንዲህ አድርጎ ሰውን ለድባቴ ያጋልጣል።

በሌለ እግር ላይ የሚሰማው ሕመም ምናብ ወይም እብደት አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ሳይላስ ዊር ሚቸል ከአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ቁስለኞች ተነሥቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎበታል። አንጎል የእግሩን ካርታ እንደያዘ ስለሚቀር የተቆረጠውን ነርቭ መልእክት ከእግሩ እንደመጣ ይቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ፣ በአሜሪካ ወታደራዊ ሆስፒታል የተካሄደ አነስተኛ ጥናት ደህነኛውን እግር በመስተዋት እያዩ ማንቀሳቀስ ይህን ሕመም እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለዚህ የሚያስፈልገው መስተዋት ከየትኛውም ሱቅ ይገኛል። የሚቸግረው የሚያሠለጥንና የሚከታተል ባለሙያ ነው።

የአእምሮው ጉዳት በበኩሉ ሰውነት ላይ ያርፋል። የመኪና ጎማ ሲፈነዳ የሚደነግጥ፣ ሰው ከተሰበሰበበት የሚሸሽ፣ ያለፈውን በቅዠት ደጋግሞ የሚያይ ሰው ጡንቻው ሁልጊዜ የተወጠረ ነው፤ ውጥረቱ ሕመሙን ያብሰዋል። ሕመሙ ደግሞ የቆሰለበትን ቀን ያስታውሰዋል። የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ይህን ከአሰቃቂ ገጠመኝ የሚመጣ ጭንቀት በይፋ የመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። አንዱን ብቻ ማከም ሌላውን እንደነበረ ይተወዋል። አረቄና ጫት ለጊዜው የሚያስታግሱ ቢመስሉም እንቅልፉን የባሰ ያዛባሉ።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ተበተነ። የተቋቋመው የመልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽን ለገጠሩ ዘርና የእርሻ መሣሪያ፣ ለከተማው ሥልጠና ለማቅረብ ጥሯል። የአእምሮ ሕክምናው ግን ከተበተነው ሠራዊት ብዛት ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። አማኑኤል ሆስፒታል ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ ቢኖርም፣ የሥነ አእምሮ ነርሶችን ማሠልጠን የተጀመረው ገና በ1979 ዓ.ም. ነበር፤ በአገር ውስጥ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም ማሠልጠን ደግሞ በ1995 ዓ.ም.። በዚያ ላይ የተሸነፈ ሠራዊት አባል መሆን ራሱ አንገት ያስደፋ ነበር። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የወታደር ልብሳቸውን እንደለበሱ የለመኑት በርካታ ነበሩ። ይህ አገር ለዘመተለት ሰው ከዚያ የተሻለ ዕዳ ነበረበት። ከባድመ ጦርነት በኋላም ወደ 148,000 የሚጠጋ ወታደር ሲሰናበት የአእምሮ ጤናው የመልሶ ማቋቋሙ ዋና ሥራ አልሆነም።

የኑሮ ጥራት በገንዘብ ድጎማ ብቻ አይለካም። የዓለም ጤና ድርጅት የኑሮ ጥራት አጭር መጠይቅ 26 ጥያቄዎች አሉት፤ ስለ ሕመምና እንቅልፍ፣ ስለ መንቀሳቀስ፣ ስለ ወዳጅ ድጋፍ፣ ሕይወት ትርጉም ስለ መስጠቷ ይጠይቃል። ጤና ጣቢያ ውስጥ በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ነው። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ የአእምሮ ሕክምናን በጤና ጣቢያ ለመስጠት የተጀመረው ጥረትም ለዚህ በር ከፍቷል።

ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ከ371,000 በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቅዶ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በትግራይ ሥራ ጀምሯል። በተሃድሶ ማእከላቱ የሚኖረው ቆይታ በቀናት የሚቆጠር ነው፤ ማቀፊያው የሚሰፋው፣ ቅዠቱም የሚበረታው ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ስለዚህ ተሰናባቹ በሚኖርበት ወረዳ ያለው ጤና ጣቢያ ስሙን ተቀብሎ እግሩንም እንቅልፉንም በአንድ ካርድ የሚከታተልበት አሠራር ከስንብቱ ጋር አብሮ መታቀድ አለበት።