የጅማ ዝናምና የአሮጌ መኪና ላሜራ

ጅማን ያየ ሰው ከቡናዋ ቀጥሎ የሚያነሣው ዝናሟን ነው። ቡናውን የሚያለመልመው ዝናም ግን ለብረት ወዳጅ አይደለም። በጅማ፥ በአጋሮ፥ በሰቃ፥ በሊሙ ገነት መንገዶች ለብዙ ዓመታት ሰውና ጆንያ ሲያመላልሱ የኖሩትን መኪናዎች ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው፥ ሞተራቸው ገና ሳይደክም ገላቸው ቀድሞ እንደሚያልቅ ይረዳል። እኛም ዛሬ የሞተሩን ነገር ለሌላ ጊዜ ትተን፥ ስለ ላሜራውና ላሜራውን ስለሚያድሰው ባለ እጅ ጥቂት ልንናገር አሰብን።

ነገሩ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ብቻ እንዳይመስል። ያገለገለ መኪና ከውጭ ለማስገባት የሚከፈለው ኤክሳይዝ ታክስ በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ እጅግ ከብዷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ አሮጌ መኪና በእጁ ያለ ሰው «ልጣለው ወይስ ላድሰው?» ብሎ ቢጨነቅ የኑሮ ጥያቄ ነው።

በአሜሪካ አሮጌ መኪና ማደስን እንደ ጥበብ የያዙ ሰዎች አሉ። ሆት ሮድ ይሉታል። በተለይ በአውሮፓ አቆጣጠር የ1932ቱን ፎርድ እያገኙ የጣራውን ምሰሶ ቆርጠው ዝቅ ያደርጉታል፤ ፓራፋንጎውን ይነቅላሉ፤ ኃይለኛ ሞተር ይጨምሩበታል። በእኛ አገር ጣራዬን ዝቅ አድርጉልኝ የሚል ደንበኛ ቢመጣ «ጆንያው የት ሊጫን ነው?» ተብሎ የሚሳቅበት ይመስለናል። ሆኖም የሠራተኛው ብልሃት እዚያም እዚህም አንድ ነው፤ የተጣመመውን ማቅናት፥ የበሰበሰውን ቆርጦ መተካት።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ይዞ የነበረው ጠላት ሲባረር፥ በጋራዥ ቋንቋ ውስጥ የተወው ነገር አብሮት አልሄደም። ላሜራ፥ ኮፋኖ፥ ፓራፋንጎ፥ ማርቴሎ፥ ስቱኮ የሚሉት ሁሉ የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። በመጽሐፍ የእንግሊዝኛውን ስም የተማረው ተማሪ ጋራዥ ሲገባ እንግዳ የሚሆነው ስለዚህ ነው። አንድ ትጉህ ሰው እነዚህን ቃላት ከነትርጉማቸው ቢሰበስብልን ደስ ባለን።

ለዚህ ሥራ መልካም መማሪያ የሚሆነው ቮልስዋገን ነው። ይህ ጀርባው እንደ ዔሊ ክብ የሆነ መኪና በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራ በኋላ፥ የመጨረሻው በሜክሲኮ ከፑዌብላ ፋብሪካ የወጣው በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. ነው። አራቱ ፓራፋንጎዎች በብሎን የታሰሩ ስለ ሆኑ አንዱ ቢጎዳ ሌላውን ሳይነኩ ይፈቱታል። ገላውም በሙሉ ከወለሉ ጋር የተያያዘው በብሎን ነው። ክፉነቱ ዝገቱ ዓይን በማያየው ስፍራ መጀመሩ ነው። ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላው ወንበር ሥር ስለ ሆነ የሚፈሰው አሲድ ወለሉን ይበላዋል። ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የሚያልፈው፥ የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያስገባው ባዶ ላሜራም ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል። ይህ ክፍል የገላው የጎን አጥንት ነውና፥ ሲበሰብስ በሮቹ አልዘጋ ይላሉ። ዐዋቂ ሠራተኛ ይህን ከመቁረጡ በፊት የበሩን ክፍተት በብረት ዘንግ በይዶ ይደግፈዋል፤ ያለዚያ ገላው ተጣሞ ይቀራል።

የጎደጎደውን ማቅናት ሌላ ጥበብ ነው። ሠራተኛው በአንድ እጁ ከላሜራው ጀርባ የብረት ድጋፍ ይዞ፥ በሌላው በማርቴሎ ቀስ እያለ ይመታል። ብዙ ከመታው ላሜራው ይሳሳል፥ ይሰፋልም፤ የሰፋውም ስፍራ በጣት ሲጫኑት እንደ ቆርቆሮ ክዳን ጧ ብሎ ይገባል፥ ይወጣል። ያን ጊዜ የሳንቲም ስፋት ያህል ብቻ በነበልባል እስኪቀላ አግሎ፥ ዙሪያውን መታ መታ አድርጎ በእርጥብ ጨርቅ ሲያቀዘቅዘው ይሰበሰባል። ሲበይድም እየዘለለ ነጥብ በነጥብ ይበይዳል እንጂ በአንድ ትንፋሽ አይስበውም፤ ሙቀቱ ከበረታ ላሜራው ይጨማደዳልና።

ይህ ሁሉ ጊዜና ዋጋ ይጠይቃል። ርካሹ መንገድ ዝገቱን ፋቅ ፋቅ አድርጎ በስቱኮ መድፈን፥ ከዚያም ቀለም መርጨት ነው። ስቱኮ በቀና ላሜራ ላይ በስሱ ሲቀባ ነውር የለውም። በዝገት ላይ ሲለጠፍ ግን እርጥብ ቡና በጆንያ ቋጥሮ መጋዘን እንደ መክተት ነው፤ ላዩ ያማረ መስሎ ውስጡ ይበላሻል። የአጋሮ ነጋዴ በቡናው ላይ የማይፈቅደውን በመኪናው ላይ ለምን እንደሚፈቅድ አይገባንም። በየመሥሪያ ቤቱ የጥገና ሒሳብ የምትፈርሙ ወጣቶችም ቀለም ከመረጨቱ በፊት ላሜራውን አሳዩን ብትሉ መብታችሁ ነው። ትንሽ ማግኔት በኪስ መያዝም ይጠቅማል፤ ስቱኮው በወፈረበት ስፍራ ማግኔት አይዝም።

በዚህ ማግኔት ግን ላንድሮቨርን የሚመረምር ሰው ይታለላል። በአገራችን ገጠሮች ለረጅም ዘመን ሕዝብ ያመላለሰው ላንድሮቨር በ1940 ዓ.ም. ለገበያ ሲቀርብ፥ በእንግሊዝ አገር ከጦርነቱ በኋላ ብረት እንደ ልብ አይገኝም ነበርና አብዛኛው ገላው የተሠራው ከአሉሚኒየም ነው። ማግኔት የማይዘው ስለዚህ ነው እንጂ ስቱኮ ስለ በዛበት አይደለም። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም፤ ሻንሲው ግን ብረት ስለ ሆነ ይዝጋል። ሁለቱ በተነካኩበትም ስፍራ እርጥበት ሲገባ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል። ስለዚህ ባለሙያው በመካከላቸው ቀለም ወይም ጎማ ያኖራል።

በእሳትም ጊዜ ጠባያቸው ልዩ ነው። ብረት ሲግል ቀልቶ ያስጠነቅቃል፤ አሉሚኒየም ግን መልኩን ሳይለውጥ በ660 ዲግሪ ገደማ ድንገት ይቀልጣል። የቀድሞ ባለ እጆች ለዚህ ያገኙት ዘዴ ያስደንቃል፦ ላሜራውን ተራ ሳሙና ቀብተው ያሞቁታል፥ ሳሙናው ሲጠቁር እሳቱን ያነሣሉ። ያን ጊዜ አሉሚኒየሙ ለማርቴሎ ለስልሷል።

አንድ ነገር እንጨምር። በበሮች ታችኛ ጠርዝ ላይ ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች በመስኮቱ በኩል የገባው ውሃ የሚወጣባቸው ናቸው። ጭቃ ይደፍናቸዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ቸልተኛ ቀለም ቀቢ ራሱ ይደፍናቸዋል። ዝናሙ ሳይበረታ እነዚህን በቀጭን ሽቦ መክፈት ከአሥር ደቂቃ የበለጠ አይፈጅም።