«የአንድ እናት ልጆች ሂሳብ አይተሳሰቡም»

ሰልስቱ አልፎ ድንኳኑ ሲነሳ፣ ከልጆቹ አንዱ «የሰርቪስ ቤቶቹን ኪራይ ከእንግዲህ ማን ይሰብስብ? ወጪውስ እንዴት ይያዝ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከዘመድ መሃል አንዱ ቆጣ ይላል፤ «አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ! የአንድ እናት ልጆች ሂሳብ ይተሳሰባሉ እንዴ?» ጠያቂው ያፍርና ዝም ይላል። ቤቱም ቅርብ ባለው ልጅ፣ ብዙ ጊዜ በታላቁ እጅ ይቀራል። ዓመታት ያልፋሉ። አብዛኞቹ ወራሾች፣ ወንድማማቾች የሚጣሉት ሀብት ስለበዛ ይመስላቸዋል። እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ጠቦች ግን የተጀመሩት ያን ቀን ሂሳብ መጠየቅ ነውር ስለተባለ ነው።

እምነቱ ከባዶ አልተነሳም። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ስለ ገንዘብ ማውራት ይከብደዋል፤ በእናት ቤት አብረው ያደጉ ልጆች እንደ ሸሪክ ነጋዴ መተያየት ያስጠላቸዋል። ጥያቄው ከአርባው በኋላ ይነሳ ወይስ ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ይቆይ ቢባል፣ ለሁሉም ቤተሰብ የሚሆን አንድ መልስ ያለ አይመስለኝም። ማቆየት ግን አንድ ነገር ነው፣ እስከ መጨረሻው አፍ ማስያዝ ሌላ።

ዝምታው መጀመሪያ የሚጎዳው ሩቅ ያለችውን እህት ይመስላል። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሆና ውክልና ትልካለች፤ ኪራዩ ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደወጣ አታውቅም። ከእርሷ ባልተናነሰ የሚጎዳው ግን ቤቱን በቅንነት የያዘው ልጅ ነው። ጣሪያው ሲያፈስ በራሱ ገንዘብ ያስጠግናል፣ የቤት ግብር ይከፍላል፣ እናቱ ትታው የሄደችውን የሕክምና ዕዳ ይዘጋል። ደረሰኝ አልያዘም፤ ማን ይጠይቀኛል ብሎ! ከስምንትና ከአሥር ዓመት በኋላ ጥያቄው ሲመጣ እጁ ባዶ ይሆናል፣ ስሙም ሌባ ይሆናል። ሌላው ወንድም ደግሞ «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» ብሎ አንዱን ሰርቪስ ሰብሮ ይገባል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለዚህ ጉዳይ አያፍርም። ልጆች፣ ሴት ወንድ፣ ታላቅ ታናሽ ሳይባል፣ እኩል ይወርሳሉ። ውርሱ እስኪከፋፈል ድረስ ቤቱ የሁሉም ነው፤ የሚያስተዳድረውም ልጅ የራሱን ድርሻ ብቻ ሳይሆን የወንድም የእህቱንም ይዟል። ውርስ አጣሪ ሆኖ የሠራ ሰው ስለ ሥራው ሂሳብ ማቅረብ አለበት። በውክልና የያዘም በአንቀጽ 2213 መሠረት ወካዩ ሲጠይቀው ማሳወቅ ግዴታው ነው። «ጠቅላላ ውክልና ሰጥታኛለች» የሚለውም ቢሆን ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር እንጂ ቤት ለመሸጥ አያስችልም፤ ለሽያጭ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ወካዩም ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል።

ዝም ማለት ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። አንቀጽ 1000 እንደሚለው፣ ወራሽነቴ ታውቆ ንብረቱ ይመለስልኝ የሚል ሰው መብቱንና ንብረቱ በሌላ እጅ መሆኑን ካወቀ 3 ዓመት ካለፈው ክሱ በይርጋ ሊወድቅበት ይችላል። ከ15 ዓመት በኋላ፣ ከዘር ሲወርድ የመጣ ርስት ካልሆነ በቀር፣ አላወቅሁም ነበር ማለትም አያድንም። «ታገሥ፣ ወንድምህ ነው» እያሉ ዓመት የሚያስቆጥሩ ዘመዶች ይህን ቢያውቁት እወድ ነበር። ጉዳዩ ችሎት ሲደርስ አብዛኞቹ ለምስክርነት እንኳ አይገኙም፤ ቤቱ መከፋፈል ካልቻለና ወራሾቹም ካልተስማሙ በሐራጅ ይሸጣል፤ ያኔ የእናት ቤት ለማንም አልሆነ።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ኪራዩ የሚገባበት ለብቻው የባንክ ሂሳብ፣ ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ደብተር፣ ደረሰኙን በየወሩ ፎቶ አንስቶ ለሁሉም መላክ። አስተዳዳሪው ለድካሙ የሚወስደው ነገር ካለም ገና ከመነሻው ተጽፎ ይፈረምበት። ሽማግሌ መጥራትም መልካም ነው፤ ሽማግሌው ግን «ይቅር ተባባሉ» ከማለቱ በፊት ደብተሩን ይይ።

ስለ ውርስ የሚነገሩ ሌሎች አባባሎችን ባጭሩ ልለፋቸው። የወራሽነት ማስረጃ ቀድሞ ያወጣ ቤቱን አያገኝም፤ ወረቀቱ ወራሽ መሆኑን ያሳያል እንጂ ሌላውን ወራሽ አያስወግድም፣ ተቃውሞ ቀርቦበትም ሊሰረዝ ይችላል። ከትዳር ውጭ የተወለደ ልጅ ከሌሎቹ እኩል ይወርሳል። ባልና ሚስት ግን ያለ ኑዛዜ አይወራረሱም፤ በሕይወት የቀረው የጋራውን ሀብት ግማሽ የሚወስደው የራሱ ስለሆነ ነው። ዜግነት የለወጠ አይወርስም የሚባለውም ስሕተት ነው፤ የወራሹ ዜግነት ወራሽነቱን አይነካም። ባለጉዳዮቹ ፈቅደው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሄዱ ድርሻው በሸሪዓ ሕግ ይሰላል።

የቀረው «እናቴ በቃሏ ቤቱን ለእኔ ሰጥታለች» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ይህን የሚለው ያስታመማት ልጅ ስለሆነ መስማቱ ያሳዝናል። የቃል ኑዛዜ ግን ቤት አያስተላልፍም፤ በሁለት ምስክር ፊት ቢነገር እንኳ ለአንድ ሰው ከ500 ብር በላይ መስጠት አይቻልበትም። ያስታመማትን ልጅ ማሰብ የምትፈልግ እናት በሕይወት ሳለች ማጻፍ አለባት፤ ጽሑፉም በእርሷና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ሁሉም ወዲያው ይፈርሙበታል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውልና ማስረጃ ሹም ከሆነ ሁለት ይበቃሉ።