«ኤድዞ» የተባለው የኤስፔራንቶ ስም፤ አመጣጡና ሰዋስዋዊ አገባቡ

ዶክተር ሉድቪክ ዛመንሆፍ በ1887 (እ.ኤ.አ.) በዋርሶ አሳትሞ ባወጣው በኤስፔራንቶ ቋንቋ ባል «ኤድዞ» ይባላል። ቃሉ በሰዋስው ረገድ ከደንብ የሚወጣበት ነገር የለም። «ኦ» የስም ምልክት ነው፤ ለብዙ ቁጥር «ይ»፥ ለተሳቢ «ን» ይጨመርበታል። ስለዚህ «ኤድዞይ» ባሎች፥ «ኤድዞን» ባልን፥ «ኤድዞይን» ባሎችን ማለት ነው። የአንስታይ ጾታ ምዕላድ «ኢን» ከግንዱና ከ«ኦ» መካከል ሲገባ «ኤድዚኖ»፥ ማለት ሚስት፥ ይሆናል፤ ሁለቱን ጾታዎች የሚያጣምረው «ጌ» ሲቀድመው ደግሞ «ጌኤድዞይ»፥ ማለት ባልና ሚስት፥ ይገኛል።

የቃሉ ታሪክ ግን የዚህን ሥርዓት ተቃራኒ ያሳያል። ዛመንሆፍ ራሱ እንደ ገለጠው፥ ምንጩ የአልጋ ወራሽ ሚስት በጀርመንኛ የምትጠራበት ቃል ነው። ይህ ቃል በኤስፔራንቶ አነጋገር «ክሮንፕሪንትሴድዚኖ» ሲባል፥ «ክሮንፕሪንትስ» አልጋ ወራሽ፥ ቀሪው «ኤድዚኖ» ሚስት ተብሎ ተከፈለ። አንዳንድ የቋንቋ ሊቃውንት ደግሞ በዪድሽ የረቢ ሚስት «ሬቤትሲን» መባሏን በማስታወስ መነሻውን ከዚያ ያደርጉታል። በሁለቱም አስተያየት አስቀድሞ የተገኘችው ሚስት ናት፤ ባል የተገኘው «ኢን» ከስሟ ሲቀነስ ነው።

እንግዲህ ሰዋስው ሚስትን ከባል ያወጣል፤ ታሪክ ግን ባልን ከሚስት አውጥቶታል። የኤስፔራንቶ ስሞች በወንድ ስም ላይ መመሥረታቸው ብዙ ነቀፌታ አስከትሏል፤ ነቀፌታው ደንቡን ይመለከታል እንጂ የዚህን ቃል ልደት አይነካም። በአንድ ሰው የተፈጠረ ቋንቋም ቢሆን የቃሎቹ ሥርወ ታሪክ ከእርባታቸው ተለይቶ መመርመር ይገባዋል።