ስም የማይጠይቁ ጠያቂዎች

የመርሳት ሕመም የያዛቸውን አዛውንት ሊጠይቅ የሄደ ዘመድ ከሰላምታው ቀጥሎ ብዙ ጊዜ «እማማ፣ አወቁኝ?» ይላል። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ነው። ለእማማ ግን ፈተና ነው፣ ያውም ሰው ፊት የሚወድቁበት። አንዳንዶቹ በይሉኝታ «እንዴታ!» ብለው ያልፉታል፣ ሌሎቹ ፊታቸውን ያዞራሉ። ሁለት ሦስቴ እንዲህ ከሆነ በኋላ ተስፋ የሚቆርጠው ጠያቂው ነው። ነገ ለማያስታውሱት ምን ብዬ ልመላለስ ይላል።

አሜሪካዊቷ የቴአትር ምሁር አን ባስቲንግም መጀመሪያ ላይ እዚሁ ላይ ተደናቅፈው ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሚልዋኪ ከተማ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የቴአትር ልምምድ ሊያሠሩ ሞከሩ። ትዝታን የሚጠይቀው ልምምድ ግን ሳምንታት ቢያልፉም አልያዝ አለ። አንድ ቀን ከመጽሔት ላይ የማርልቦሮ ሲጋራ ማስታወቂያ ገነጠሉና በላዩ ያለውን ካውቦይ እያሳዩ «ይህን ሰው ማን እንበለው?» አሉ። «ፍሬድ!» የሚል ድምፅ መጣ። ፍሬድ ማን? «ፍሬድ አስቴር!» ፍሬድ አስቴር በእነዚያ አዛውንት የወጣትነት ዘመን ዝነኛ የፊልም ተወዛዋዥ ነበር። ከዚያ በኋላ ካውቦዩ የት እንደሚኖር፣ ማንን እንደሚወድ እየተጨመረ፣ እየተሳቀና እየተዘፈነ ተረቱ ረዘመ። ትክክለኛ መልስ የሚባል ነገር ስላልነበረ የተሳሳተም ሰው አልነበረም።

ይህ ዘዴ «ታይምስሊፕስ» የሚል ስም ይዞ ዛሬ በብዙ መጦሪያዎች ይሠራበታል። ባስቲንግም እ.ኤ.አ. በ2016 የማክአርተር ሽልማት አግኝተውበታል።

ዘዴው ከአንጎል አሠራር ጋር ይገጥማል። በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የመርሳት ሕመም እንዳለባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ ከዚህም ከ60 እስከ 70 በመቶው አልዛይመር ነው። አልዛይመር ቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ነገር የሚመዘገብበትን የአንጎል ክፍል ነው። ስለዚህ «ጠዋት ምን በሉ?» ከሁሉም የሚከብድ ጥያቄ ይሆናል። የልጅነት መዝሙር፣ የእጅ ልማድ፣ ቀለም መምረጥ፣ መሳቅና መቀለድ ግን ለብዙ ጊዜ ይቆያሉ። «ጃጅተዋል» ተብሎ የሚታለፍ ሰው ውስጥ ገና ብዙ ነገር አለ።

በዚህ ዓይነት ሥራ ወጣቶችን አደራጅቶ በማሠራት የኦሃዮው ማያሚ ዩኒቨርሲቲ ይጠቀሳል (ስሙ አያሳስት፤ ከፍሎሪዳዋ ከተማ ጋር አይገናኝም)። የአረጋውያን ጉዳይ ተመራማሪዋ ኤልዛቤት ሎኮን እ.ኤ.አ. በ2007 «ኦፕኒንግ ማይንድስ ስሩ አርት» (አእምሮን በሥነ ጥበብ መክፈት) የተባለውን ፕሮግራም ጀመሩ። ተማሪዎቹ አስቀድመው ሥልጠና ይወስዳሉ፤ ከዚያ አንድ ተማሪ ከአንድ አዛውንት ጋር ይጣመርና በየሳምንቱ አብረው ሥዕል ይሠራሉ። ሥዕሉ ሰው ወይም ቤት መምሰል የለበትም፣ ስለዚህ ሊበላሽ አይችልም። ተማሪው ብሩሹን ተቀብሎ አይሥልላቸውም፤ ቀለሙን የሚመርጡት፣ «በቃ» የሚሉትም አዛውንቱ ናቸው። በመጨረሻ ሥራዎቹ በኤግዚቢሽን ይቀርባሉ፤ ለዓመታት «ታማሚ» ሲባል የኖረ ሰው በዚያ ቀን «ሠዓሊው» ተብሎ ይተዋወቃል። ከፕሮግራሙ በወጡ ጥናቶች መሠረት በአብዛኛው የሚለወጠው የተማሪዎቹ አመለካከት ነው፤ የመርሳት ሕመም ካለበት ሰው ጋር መቀመጥ ከእንግዲህ አያስፈራቸውም። ነገ ሐኪምና ነርስ ለሚሆን ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ ጉብኝቱ ከተረሳ ምን ይቀራል? የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት 17 የአልዛይመር ታማሚዎችን የሚያሳዝኑና የሚያስደስቱ የፊልም ቁርጥራጮች አሳዩዋቸው። ታማሚዎቹ ካዩት ብዙውን ቢረሱም ሐዘኑና ደስታው እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ አልለቀቃቸውም። እንዲያውም ፊልሙን ይበልጥ የረሱት ሐዘኑ ይበልጥ ቆየባቸው። ምክንያቱን የማያውቁት ሐዘን ይዘው መቀመጥ ማለት ነው። ደግ ቃልም ክፉ ቃልም ከተረሳ በኋላ ይሠራል።

በጎ ፈቃደኛ ሳይሠለጥን ወደ አረጋውያን መግባት የሌለበትም ለዚህ ነው። አንዲት እናት ባለቤታቸው ከሞቱ 20 ዓመት ሆኖ ሳለ «የት ሄደ?» ብለው ሲጠይቁ «ሞተዋል እኮ!» የሚል ችኩል አራሚ መርዶውን እንደ አዲስ ያረዳቸዋል። «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ማለት ይሻላል፤ ውሸትም አይደለም፣ ጨዋታም ይከፍታል። ቀደም ብሎ የራስን ስም መናገር፣ ቀስ ብሎ ማውራት፣ ዝምታን አለመፍራት እንዲሁ በሥልጠና የሚገኙ ነገሮች ናቸው።

በኔዘርላንድስ የዴቬንተር ከተማ ሂውማኒታስ የተባለው መጦሪያ ከሳምንታዊ ጉብኝትም አልፎ ሄዷል። ተማሪዎች በነፃ እዚያው ይኖራሉ፤ ኪራዩ በወር 30 ሰዓት ጥሩ ጎረቤት መሆን ነው። አብሮ መብላት፣ ኳስ ማየት፣ የታመመን ማጫወት። ነርስን አይተኩም፣ እንዲተኩም አይጠበቅም።

የእኛም ነገር አለ። በአዲስ አበባ ቢንያም በለጠ ባቋቋመው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ልደቱንና ሠርጉን የሚያከብር ሰው ብዙ ነው፤ ይህም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በበዓል ቀን ከሚመጣ መቶ ሰው በየሳምንቱ ቅዳሜ የሚመጣ አንድ ወጣት ለመርሳት ሕመምተኛ ይበልጥ ይጠቅማል።

በውጭ አገር ለሚኖር ኢትዮጵያዊ አረጋዊ ደግሞ ብቸኝነቱ ይከፋል። ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው የመርሳት ሕመም ሲጠናበት ብዙ ጊዜ ኋላ የተማረውን ቋንቋ ይተውና ወደ አፍ መፍቻው ይመለሳል። ዋሽንግተን አካባቢ ዕድሜያቸውን በእንግሊዝኛ ሲሠሩበት የኖሩ አባት በመጦሪያው ውስጥ አማርኛ ብቻ ሊቀራቸው ይችላል። በመጦሪያዎቹ ተቀጥረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ቢሆኑም ፈረቃቸው ለጨዋታ ጊዜ አይሰጥም። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው በሳምንት አንድ ሰዓት የሚያወጣ፣ አማርኛው የተሰባበረም ቢሆን «አባባ፣ ልጅ ሳሉ ምን ይጫወቱ ነበር?» የሚል ወጣት ነው። የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ወጣቶች ማኅበራት፣ የኮሚኒቲ ማዕከላትም በአቅራቢያቸው ባለ መጦሪያ አማርኛ የሚናገር አረጋዊ መኖሩን ይጠይቁ፤ ካለም አንድ ወጣት፣ አንድ አረጋዊ፣ አንድ የማይለወጥ ቀን ይመድቡ።