የማያወላግደው የጅማ ወንበር

በዓለም ላይ ስሙ የገነነው የሳሎን ወንበር አሜሪካውያኑ ባልና ሚስት ቻርልስና ሬይ ኢምስ በ1956 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረቡት ነው። ሦስት የተጠማዘዙ የኮምፔንሳቶ አካላትና የቆዳ ትራስ አለው። የጎማ ማያያዣዎቹ ከእንጨቱ ጋር የተጣበቁት በሙጫ ስለሆነ ወንበሩ ሲያረጅ ቶሎ የሚከዱት እነሱ ናቸው። የኛው የጅማ ወንበር የሚከዳ መገጣጠሚያ የለውም። መቀመጫው፣ መደገፊያውና እግሮቹ ከአንድ ግንድ ተጠርበው ይወጣሉ፤ ዋንዛ ለዚህ ተወዳጅ እንጨት ነው። ሬይ ኢምስም በ1960 እ.ኤ.አ. ለኒው ዮርኩ ታይም ላይፍ ሕንፃ በርጩማ ስትነድፍ ኮምፔንሳቶውን ትታ ወደ ድፍን የዋልነት እንጨት ነው የሄደችው።

«የጅማ ወንበር እግሩ ሦስት የሆነው እንጨት ለመቆጠብ ነው» ሲባል ስሰማ ያናድደኛል። አራት እግር ያለው ወንበር ያልተስተካከለ መሬት ላይ ሲቀመጥ አንዱ እግር አየር ላይ ይቀራል፤ ከሥሩ ወረቀት ወይም ጠጠር የምንወትፈው ለዚህ ነው። ሦስት ነጥቦች ግን መሬቱ ምንም ያህል ቢጎረብጥ ሁልጊዜ አንድ ላይ ይረግጣሉ። ኖፓ የሚባል ቦታ ቡና የጠሩኝ አንዲት እናት «ና፣ ልጄ፣ እዚህ አረፍ በል» ብለው ያቀረቡልኝ ይኸው ወንበር ነበር። የቤቱ ወለል አፈር ነው፣ ወደ ምድጃው በኩል ያዘነብላል፤ ወንበሩ ግን ንቅንቅ አላለም። አለማወላገድና አለመገልበጥ ግን ለየቅል ናቸው። ክብደት በሦስቱ እግሮች መካከል እስካረፈ ድረስ ወንበሩ ይጸናል፤ በሁለት እግሮች መካከል ወዳለው ጎን ከልክ በላይ ያጋደለ ሰው ይወድቃል። ጥፋቱ የአቀማመጡ ነው፣ በወንበሩ አይመካኝ።

የጅማ ወንበር ጠላቱ ፈጥኖ መድረቅ ነው። እንጨት በተቆረጠ ጫፉ በኩል እርጥበቱን ቶሎ ያጣል፤ ውጪው ሲኮማተር ውስጡ ገና እርጥብ ስለሆነ ይሰነጠቃል። ከመቱም ሆነ ከበደሌ ገዝተው አዲስ አበባ ካደረሱ በኋላ በረንዳ ላይ ለፀሐይ የሚያሰጡት ሰዎች የሚያሳዝኑኝ ለዚህ ነው።

ስትገዙ ገልብጣችሁ ሥሩን እዩ። የግንዱ እምብርት መቀመጫው መሐል ላይ ካረፈ ስንጥቅ ከዚያ ይነሣልና ሌላ ምረጡ። ቤት ስታስገቡት ደግሞ ከምድጃና ከፀሐይ አርቃችሁ፣ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ተዉት።