ደለልና ብርሃን፦ ከጮመን ረግረግ እስከ ኮራል ሪፍ

በክረምት ወራት ከወለጋ ተዳፋት የሚወርዱ ጅረቶች ለምን እንደሚቀሉ የነቀምቴ ተማሪ ሁሉ ያውቃል፤ አፈር ተሸክመው ነው። ይህ አፈር የት ይደርሳል? በመንገዱስ ላይ ምን ያስቀረዋል? ጥያቄው የፊንጫን ግድብ ብቻ ሳይሆን በሩቅ ባሕር የሚገኙትን የኮራል ሪፎችም ይመለከታል። አፈራችን በዓባይ በኩል ቀይ ባሕር አይደርስም፤ የፊዚክሱ ሕግ ግን አንድ ነው።

በረጋ ውሃ ውስጥ የሚሰጥም ደቃቅ ቅንጣት ፍጥነት ከዲያሜትሩ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። ዲያሜትሩ 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነ የአሸዋ ቅንጣት 1 ሜትር ለመስጠም 2 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ዲያሜትሩ 0.001 ሚሊ ሜትር የሆነ የሸክላ አፈር ቅንጣት ግን 100 ጊዜ ስለሚያንስ 10,000 ጊዜ ይዘገያል፤ ለዚያችው 1 ሜትር 13 ቀናት ገደማ ይፈልጋል። የሚጣደፍ ጎርፍ ይህን ጊዜ አይሰጥም። ደንገልና ቄጠማ የሞላበት ረግረግ ግን ውሃውን ያዘገየዋል፤ ቅንጣቶቹም እርስ በርስ እየተጣበቁና በአገዳው ላይ እየቀሩ ይረጋሉ።

በሞቃት ባሕር ዳርቻዎች፣ ለምሳሌ በቀይ ባሕር በዳህላክ ደሴቶች አካባቢ፣ ይህን ሥራ የሚሠሩት የማንግሮቭ ዛፎችና የባሕር ሣር ናቸው። ኮራል እንስሳ ቢሆንም አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው በሰውነቱ ውስጥ ከሚኖሩ ደቃቅ አልጌዎች ነው፤ እነርሱም ያለ ብርሃን አይኖሩም። ውሃው ደፍርሶ እያንዳንዱ ሜትር የብርሃኑን ግማሽ ቢያስቀር፣ በ5 ሜትር ጥልቀት የሚደርሰው 1/32ኛው ብቻ ነው። ሪፉም ውለታውን ይመልሳል፦ ማዕበሉን ሰብሮ ሣሩና ማንግሮቩ የሚበቅሉበትን የረጋ ውሃ ይፈጥራል።

ትስስሩ በዓሣም ይታያል። በካሪቢያን ባሕር ተካሂዶ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በርካታ የሪፍ ዓሣዎች ጫጩትነታቸውን የሚያሳልፉት በማንግሮቭ ሥር ነው። ማንግሮቩ በተመነጠረበት ሥፍራ በዚያ የሚያድግ አንድ ትልቅ ዓሣ ከሪፉ ጠፍቷል። እንግዲህ ሪፉን ብቻ ከልሎ ጥብቅ ነው ማለት፣ ቤቱን ቆልፎ ምንጩን እንደ መድፈን ይሆናል።

ወደ አገራችን እንመለስ። የፊንጫ ግድብ በ1973 እ.ኤ.አ. ሲጠናቀቅ ሐይቁ የተኛው በጮመን ረግረግ፣ በግጦሽና በእርሻ መሬት ላይ ነው። መሬታቸው በውሃ ከተሸፈነባቸው ገበሬዎች ከፊሎቹ ወደ ተዳፋቱ ወጥተው አረሱ። ሌላ ምርጫ አልነበራቸውምና ሊወቀሱ አይገባም። ይሁን እንጂ የተዳፋቱ አፈር ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ደለል የያዘው ቦታ ለውሃ አይሆንም፤ ውሃ ሲያንስ ደግሞ ከተርባይኑ የሚገኘው ኃይል ያንሳል። ስለዚህ እርከን፣ ዛፍ፣ በገባር ወንዞች ዳር የቀረ ረግረግ፣ እንዲሁም ለገበሬው የሚበቃ መተዳደሪያ ሁሉ የግድቡ አካላት ናቸው ማለት ይቻላል።

ውድ ተማሪዎች፣ በመጪው ክረምት ከአቅራቢያችሁ ጅረት አንድ ጠርሙስ ድፍርስ ውሃ ቀድታችሁ ሳትነቀንቁ አስቀምጡ። አሸዋው በደቂቃዎች ይወርዳል፤ ድፍርሱ መቼ እንደሚጠራ ግን ቀናቱን ቁጠሩ። ረግረጉን አድርቀን ስናርስ ከጅረቱ የምንነጥቀው ይህንኑ ጊዜ ነው።