እግሩ ቢቀር ድምፁ አይቅር

ባለፈው ሳምንት አንድ ምሽት፣ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ከቤቴ መጥቶ የቀረበለትን ሻይ ሳይነካ፤ «ሥራዬን ልለቅ ነው» አለኝ። ጓደኛዬ ሥዕል የተማረ ወጣት ሲሆን፣ ከጥቂት ወራት በፊት ለልጆች የቴሌቪዥን ካርቱን በሚያዘጋጅ አንድ ድርጅት የፈጠራ ዲሬክተር ሆኖ ተቀጥሯል። ሲቀጠር ዐሥራ ሁለት ሠዓሊዎች እንደሚሰጡት ተነግሮት ነበር፤ የተሰጡት ግን ሦስት ናቸው። ጊዜውም በግማሽ ተቀነሰበት። «በዚህ በጀት የሚወጣው ሥራ ሥዕል ሳይሆን ውርደት ነው» ሲል በምሬት ተናገረ።

እኔ ሠዓሊ ባልሆንም፣ ስለ ካርቱን ታሪክ ካነበብሁት ውስጥ የሁለት ሰዎች ነገር ትዝ አለኝና አጫወትሁት። ያጫወትሁትን ለአንባቢዎቼም ላካፍል፤ ነገሩ ሠዓሊን ብቻ ሳይሆን፣ በትንሽ በጀት ትልቅ ሥራ የታዘዘውን ወጣት ሹም ሁሉ የሚነካ ነውና።

አስቀድሞ ግን የፈጠራ ዲሬክተር ማለት ምን ማለት ነው? ብዙ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚሥል ሠዓሊ ይመስለዋል። አይደለም። የካርቱን ፊልም የብዙ እጅ ሥራ ነው። ድርሰቱን የሚጽፍ አለ፤ ታሪኩን በትናንሽ ሥዕሎች ተራ በተራ የሚያሰልፍ አለ፤ የገጸ ባሕርያቱን መልክ የሚቀርጽ፣ የጀርባውን ሥዕል የሚቀባ፣ እንቅስቃሴውን የሚሥል፣ ድምፁን የሚሰጥ አለ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ሥራ ይስማማል። የፈጠራ ዲሬክተር ግን ይህ ሁሉ እጅ የአንድ ሰው እጅ መስሎ እንዲታይ የሚያደርግ፣ ይህ ይግባ፣ ያ ይውጣ ብሎ የሚወስን፣ ለወሰነውም ኀላፊ የሚሆን ሰው ነው።

እንግዲህ ወደ ሁለቱ ሰዎች እንመለስ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ዊልያም ሐና እና ጆሴፍ ባርቤራ ከ1940 ጀምሮ በአሜሪካ በሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ኩባንያ ውስጥ ቶምና ጄሪ የተባሉትን ድመትና አይጥ የፈጠሩ ናቸው። ፊልሞቻቸው 7 የኦስካር ሽልማት አግኝተዋል። የሥራውን ክብደት በሒሳብ እንየው። በሲኒማ ፊልም በአንዲት ሴኮንድ 24 ምስል ያልፋል፤ ይህም ለ7 ደቂቃ ፊልም 10,080 ምስል ማለት ነው። አንዱን ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ እያነሡ ቢቆጥቡ እንኳ፣ ድመቱ ብቻውን ሳያቋርጥ ቢንቀሳቀስ ከ5,000 በላይ ሥዕል ይፈልጋል። አይጡ ሲጨመር ደግሞ ሥራው ይበረታል።

በ1957 ኩባንያው የካርቱን ክፍሉን ዘጋው። አዲስ ፊልም ከመሥራት ይልቅ አሮጌውን ደጋግሞ ማሳየት የሚያዋጣ ሆኖ ስለታየ ነው። ያ ሁሉ ሽልማት ሠራተኞቹን ከመባረር አላዳናቸውም። ሁለቱ ሰዎች የራሳቸውን ድርጅት አቋቁመው፣ ከሥራ ከወጡት ባልደረቦቻቸው ብዙዎቹን ይዘው ወደ ቴሌቪዥን ሄዱ። ቴሌቪዥኑ ግን ለ5 ደቂቃ ፊልም የሚሰጣቸው ወደ 3,000 ዶላር ገደማ ብቻ ነበር፤ አንድ የቶምና ጄሪ ፊልም ግን ከዚህ ከዐሥር እጥፍ በላይ ይፈጅ ነበር።

ታዲያ ምን አደረጉ? ተቀምጠው የሚቀረውን ነገር መረጡ። ገጸ ባሕርዩ ቆሞ ሲናገር ገላው አንድ ሥዕል ሆኖ ይቆያል፤ የሚለዋወጠው ራሱ፣ ዓይኑና አፉ ብቻ ነው። ዮጊ የተባለው ድብ ኮሌታና ክራቫት ያደረገው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ራሱ ለብቻው ሲንቀሳቀስ ከገላው ጋር የሚጋጠምበት መሥመር እንዳይታይ ነው። ሲሮጥም ያው ዛፍ፣ ያው ድንጋይ ከኋላው ተመላልሶ ያልፋል።

ቀልዱንና ድምፁን ግን አልነኩም። ዶውስ በትለር የተባለው ተዋናይ በ1958 በቀረበው የሐክልቤሪ ፕሮግራም ለውሻው ለሐክልቤሪም፣ ለድቡ ለዮጊም ድምፁን ሰጠ፤ ሁለቱም የየራሳቸው ጠባይ ያላቸው ሆነው ተሰሙ። በ1960 ይህ ፕሮግራም ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት የጀመረው ፍሊንትስቶንስም እስከ 1966 ድረስ 166 ክፍል ታየ።

ነቀፋም አልጠፋም። ስመ ጥሩው የካርቱን ዲሬክተር ቸክ ጆንስ ይህን የመሰለውን የቴሌቪዥን ካርቱን ሥዕል የተጨመረበት ሬዲዮ ነው ሲል ነቅፎታል። ነቀፋው ከንቱ አይደለም፤ ቁጠባው ልማድ እየሆነ በሄደ ጊዜ፣ ብዙ የቴሌቪዥን ካርቱን አንዱ ከሌላው የማይለይ ሆኗል። በሌላ በኩል ዩ ፒ ኤ የተባለው ድርጅት በ1950 ባወጣው ጄራልድ ማክቦይንግ ቦይንግ በተባለው አጭር ፊልም፣ ጥቂት መሥመርና ጥቂት ቀለም ብቻ ይዞ ኦስካር ተሸልሟል። ልዩነቱ ከሥዕሉ ብዛት አይደለም። በአንዱ ዘንድ ጥቂቱ ተመርጦ የተቀመጠ ነው፤ በሌላው ዘንድ ሳይታሰብበት የቀረ ነው።

ጓደኛዬ ይህን ሰምቶ፤ «ያ የአሜሪካ ነገር ነው» አለኝ። እኔም በአስተማሪዋ በብሩክታዊት ጥጋቡና በባልደረቦቿ ተዘጋጅቶ በአማርኛ የቀረበውን «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች ፕሮግራም አስታወስሁት። የፕሮግራሙ ዋና ባለ ታሪክ አንዲት የቀጭኔ አሻንጉሊት ናት፤ በ2008 ግን የጃፓን ሽልማት የተባለውን ዓለም አቀፍ የትምህርት ፕሮግራም ሽልማት አግኝቷል።

«እንግዲያው ሁሉን ችለህ ዝም በል ነው የምትለኝ?» አለ። አይደለም። «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ይባላል፤ ነገር ግን ቤት ሲጠብ ምሰሶው አይነቀልም። ዛሬ ኮምፒዩተር የእጅን ድካም ብዙ አቃልሏል፤ ቢሆንም የትኛው ሥዕል እንደሚቀር መወሰንና ለውሳኔውም መጠየቅ አሁንም የሰው ድርሻ ነው። ስለዚህ የፈጠራ ዲሬክተር ሁለት ግዴታ አለበት፤ ሊቀር የሚችለውን ያለ ልቅሶ መተው፣ ሊቀር የማይገባውን ደግሞ ለአለቃው በግልጽ መናገር።

ጓደኛዬ ወረቀት አንሥቶ ከመካከሉ አንድ መሥመር አሰመረ። በአንዱ ወገን የጀርባው ሥዕል ይደገም፣ የሚራመዱ እግሮች አይታዩ፣ የሕዝብ ብዛት በድምፅ ብቻ ይሰማ ብሎ ጻፈ። በሌላው ወገን የልጅቷ ዓይን፣ ጥሩ ተዋናይ፣ ድርሰቱን ሁለት ጊዜ የሚያርምበት ጊዜ የሚል አሰፈረ። ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር፤ እርሱ ግን ጠጣው።

ሰኞ ዕለት ወረቀቱን ለሥራ አስኪያጁ ሰጥቷል። መልሱ ገና አልመጣም፤ መልካም እንደሚሆንም ዋስ አልሆንም። በሁለተኛው ወገን የተጻፈው ከተከለከለ ሥራውን ይለቃል፤ በዚያን ጊዜ መልቀቁን እኔም አልነቅፍበትም። በአነስተኛ በጀት ላይ የተሾምህ ወጣት ሆይ፣ አንተስ የማትተወውን ነገር ጽፈህ ታውቃለህን?